እጅ የሚበላው ቦታ

በዲላ በምሠራበት የጽሕፈት ቤት ሦስት ኮምፒዩተሮች አሉ። መስኮቱ ሥር ባለው ላይ ማንም መቀመጥ አይፈልግም ነበር። ስቀጠር ምክንያቱን አልጠየቅኩም። ብርሃን አለው፣ መንገዱን ያሳያል፣ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ያስታውቃል፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል ብዬ ቦርሳዬን ወንበሩ ላይ ሰቀልኩ። አጠገቤ የምትሠራው ባልደረባዬ ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳትል ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሰው ሲሳሳት ዝም ብላ ማየት የምትወድ ሴት መሰለችኝና ገና በመጀመሪያው ቀን ጠምጄ ያዝኳት።

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያስተዋልኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ቡናማ ቀለሙ ሁለት ቦታ ላይ ተልጦ እንጨቱ ነጥቷል፤ ሲዳስሱት ይለሰልሳል። ከእኔ በፊት እዚያ የሠሩ ሰዎች የእጅ አንጓቸውን እያስደገፉ የፋቁት ቦታ ነው። የራሴን አንጓዎች ሳሳርፍባቸው ልክክ አሉ። ሰው የሌላ ሰው ጫማ ሞክሮ ልኩ ሲሆንለት ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ደስ አላለኝም። እጆቼን አነሣሁና ሥራ ስላለብኝ መልሼ አስቀመጥኳቸው።

ባልደረባዬ አፏን የከፈተችው በሳምንቱ ምሳ ላይ ነው።

«ያ ቦታ እጅ ትበላለች» አለችኝ።

አፏን የፈታችው በጌዴኡፋ ስለሆነ ወንዱንና ሴቱን አንዳንዴ ታቀያይራለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅባት ነበር። ያን ቀን ግን ቦታው ሴት ሆኖ፣ ከኋላዬ ተቀምጦ የሚጠብቀኝ መሰለኝና ዞር ብዬ አየሁ። ከእኔ በፊት ሁለት ሴቶች እዚያ ተቀምጠው እንደነበር ነገረችኝ። የመጀመሪያዋ ማበጠሪያ መያዝ ሲያቅታት ሥራውን ትታ ገደብ ወዳሉት ዘመዶቿ ሄደች። ሁለተኛዋ ሻይ የያዘ ብርጭቆ ከእጇ እየወደቀ ሲያስቸግራት ኮንጋ እናቷ ቤት ገባች። የሁለቱም የተያዘው ቀኝ እጃቸው ነው። በሌሎቹ ሁለት ወንበሮች የሚቀመጥ ሰው ትከሻዬን ከማለት በቀር ምንም ሆኖ አያውቅም።

ነገሩን ሁሉ በመንፈስ የሚያሳብብ ሰው አልወድም። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እጸልያለሁ፤ ወንበር ሰው ይበላል ብሎ ማመን ግን ለእኔ እምነት አይደለም፣ ስንፍና ነው። ይህንኑ አፌ ላይ እንደመጣልኝ ነገርኳት። እሷም ምሳዋን ቀጠለች።

ሥራችን ከውጪ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ፍርድ ቤት የሚሄዱ ሰዎች አቤቱታ ያስጽፋሉ፤ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ላፕቶፕ የሌላቸው ተማሪዎች በእስክሪብቶ የጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፍ ታቅፈው ይሰለፋሉ። ሁሉም «አስቸኳይ ነው» ይላል። አስቸኳይ ያልሆነ ወረቀት በዚያ በር ሲገባ አይቼ አላውቅም። በአማርኛ አንዲት ፊደል ለማውጣት ሁለት ጊዜ መምታት ያስፈልጋል። ጠ እና ጨ ሲመጡ ደግሞ ቀኝ ትንሿ ጣት ሺፍቱን ተጭና መያዝ አለባት። የፍርድ ቤት ሰው ያለ እነዚህ ሁለት ፊደላት መናገር አይችልም፤ ጠበቃ ይላል፣ ጥፋት ይላል፣ ጭብጥ ይላል። ማታ ቤቴ ስገባ ትንሿ ጣቴ ለብቻዋ ደክማ ትገባለች።

የቤቱን ባለቤት ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሸቀጥ ከሚነግዱ ቤተሰቦች የወጡ፣ ዕቃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ክረምት ሲገባ የመንገዱ ጎርፍ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባል። አንድ ጊዜ ውሃው ኮምፒዩተር ስላበላሸባቸው ጠረጴዛዎቹን ከሥር በጡብ አስነሡአቸው። ሁለቱ አንድ አንድ ጡብ ተደረገላቸው፤ የመስኮቱ በኩል ወለሉ ስለሚያዘቀዝቅ የእኔው ሁለት ሁለት ጡብ ነው። ጡቦቹ በጋ ከክረምት ጥቁር እርጥበት አያጣቸውም። ከወለሉ የሚነሣው ቅዝቃዜ በቁርጭምጭሚት ገብቶ ወደ ላይ ይወጣል።

የቀኝ እጄ ሕመም ሲጀምረኝ ሁሉም ሰው ሐኪም ሆነ፤ የሁሉም ምርመራ ደግሞ አንድ ነው። ብርድ ነው። ባልደረባዬ ከቦታዋ ብርድ ነው የሚነሣው አለች። ጋሼ ወለሉ ነው፣ እግርሽን ሸፍኚ ብለው ከቤታቸው የሱፍ ጨርቅ አመጡልኝ። እጅ የምታሽ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ፤ ቅቤ ቀብታ ስታሸኝ ቆየችና ብርዱ አጥንት ገብቷል፣ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው አለችኝ። አንድ ሰው እንኳ የተለየ ነገር ቢናገር እጠረጥር ነበር። ሁሉም ያንኑ ስላሉ አመንኩ። አንጓዬን በሱፉ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኩና መተየቤን ቀጠልኩ። ማታ ስፈታው የጨርቁ መስመር ሥጋዬ ላይ ታትሞ አገኘዋለሁ።

መጀመሪያ አውራ ጣቴንና ቀጥሎ ያሉትን ሁለቱን ጉንዳን ይወርራቸው ጀመር። ቀጥሎ ጉንዳኑም ጠፋ። ይህ ይሻለኛል ብዬ ነበር፤ አልተሻለኝም።

አንድ ቀን ንጋት ላይ ስነቃ ደረቴ ላይ የሰው እጅ አለ። ቀዝቃዛና ከባድ ነው። የምኖረው ከልጄ ጋር ብቻ ነው፤ አባቷ ሌላ ከተማ ሌላ ቤት አለው፣ ይቅናው። ልጄ ያኔ አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር፤ የእሷ እጅ እንዲህ አይከብድም። ትንፋሼን ውጬ ተኝቼ አዳመጥኩ። ከእኔና ከልጄ ሌላ የሚተነፍስ የለም። በግራ እጄ ያንን እጅ አንሥቼ ከላዬ ወረወርኩት፤ ክንዴ ተከትሎት ሄደ። ተቀምጬ እያወዛወዝኩት ቆየሁ፤ ሲመለስ ቀስ ብሎ፣ እየቆነጠረ ተመለሰ። ስለዚህ ነገር ለማንም አልተናገርኩም። የራሴን እጅ ፈራሁት ብዬ ለማን ልንገር።

በዚያው ሰሞን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጠናል። ልጄ ጭኔ ላይ በሆዷ ተደፍታለች፤ ቀኝ እጄ ጀርባዋ ላይ ነው። ሰባኪው ስለ ጠላት ይናገራሉ። ልጄ ቀና ሳትል በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ጀርባዬ ላይ ምንድን ነው የምትጽፊው?»

ወደ ታች አየሁ። ጣቶቼ እየሠሩ ነው። እኔ አላዘዝኳቸውም፣ ሲንቀሳቀሱም አይሰማኝም፤ ዓይኔ ባያይ አላውቅም ነበር። ሰባኪው ጠላት ባሉ ቁጥር ትንሿ ጣቴ የልጄን የጎድን አጥንት ተጭና ትይዛለች። እጄን አንሥቼ ከጭኔ በታች አደረግኩና ስብከቱ እስኪያልቅ ተቀመጥኩበት። ልጄ ለምን እንዳቆምኩ ጠየቀችኝ፤ ዝም በይ፣ ስብከት ነው አልኳት።

የምሳ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት እወስዳታለሁ። ዋናውን አስፋልት መሻገር አለብን፤ ከሐዋሳ ወርዶ ወደ ይርጋጨፌና ወደ ሞያሌ የሚያልፈውን። ባጃጁም፣ ቡና የጫነው አይሱዙም፣ ሚኒባሱም የሚሽቀዳደምበት እሱ ነው። ያን ቀን ዝናቡ ገና ማቆሙ ነበርና ጉም መንገዱ ላይ ተኝቷል፤ መኪናዎቹ ከነመብራታቸው ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ቦርሳዬ በግራ ትከሻዬ ስለሆነ ልጄን በቀኜ ያዝኳት። ግራ ቀኝ አየሁና ገባሁ። ምሳ ምን እንደምንበላ እያወራኋት ነው። አትመልስልኝም፤ ኩርፊያ መሰለኝ። እዚያ ማዶ ደርሼ እግረኛ መንገዱ ላይ ወጣሁና ጫማሽን ጭቃ አታስነኪ ልላት ዞርኩ።

ልጄ የለችም።

ጣቶቼ አሁንም እጇን እንደያዙ ታጥፈዋል፤ በመካከላቸው ባዶ ነው። ቀና ስል ጉሙ ውስጥ፣ አስፋልቱ መሐል፣ ነጩ መስመር ላይ ቆማ አየኋት። አታለቅስም፣ አትሮጥም፤ እኔን ታያለች። አይሱዙው ጥሩምባውን እያስጮኸ መጣ፤ በመካከላችን አለፈ፤ ያለፈበትን ጊዜ ርዝመት መናገር አልችልም። ካለፈ በኋላም እዚያው ቆማለች። አንድ የባጃጅ ሹፌር መንገዱን በባጃጁ ዘግቶ ወረደና አቅፎ አመጣልኝ። ምን ዓይነት እናት ነሽ አላለኝም፤ ዓይኑ ግን ብሎኛል።

«ለቀቅሽኝ» አለችኝ ልጄ።

«አልለቀቅኩሽም» አልኳት።

አልዋሸሁም። እጄ አሁንም ይዣታለሁ እያለኝ ነበር። ሙቀቷ፣ ልስላሴዋ፣ ሁሉም እዚያ ነበር፤ እሷ ብቻ ናት የሌለችው። እዚያው መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬን ስለማጣት መፍራት ተውኩ። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ይህ እጅ ልጄን ዳግመኛ እንዳይለቃት፣ ሲለቃትም እንዳይደብቀኝ።

ለባልደረባዬ ነገርኳት። ጠምጄ የያዝኳት ሴት አለቀሰችልኝ። ኮንጋ ያለችውን ሂጂና አግኚያት፣ እሷ የሆነችውን ትነግርሻለች አለችኝ። ቅዳሜ ልጄን ለባልደረባዬ ትቼ በሚኒባስ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ በሞተር ወደ ኮንጋ ሄድኩ። የሞተሩ ልጅ ከእግር መንገዱ አፍ አወረደኝ። ከዚያ በኋላ በእንሰቱ ውስጥ ነው የሚኬደው። ጉሙ ከቅጠሎቹ ሥር አልተነሣም። ከታች ከቡና ማጠቢያው የውሃ ድምፅና የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ግን አንድም አይታይም።

ሴትየዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ተያይተን አናውቅም። ተነሥታ ስትመጣ እጄን ልዘረጋላት ስል፣ ሰላምታውን ሳታስቀድም ሱፉን አየችና፣

«ቀኝሽ ነው አይደል?» አለች።

ቀኝ እጇን አሳየችኝ። ከአውራ ጣቷ ሥር ሥጋ የሚኖርበት ቦታ ጎድጉዷል። ቀሚሷን የምትቆልፈው በግራዋ ነው፤ ቀኙ ሌላ ሰው ጭኗ ላይ ረስቶት የሄደ ዕቃ ይመስላል። ጠርዙ ላይ ያሉት ነጫጭ ቦታዎች አሁንም አሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አሉ አልኳት። እኔ ስቀመጥ አንድ ጥፍር ያህል ነበሩ አለች፤ ዛሬ የመዳፍ ግማሽ ያህላሉ። እሷም አንጓዋን በጨርቅ አስራ ነበር፤ እሷም ታሽታ ነበር፤ ለእሷም ብርድ ነው ብለዋት ነበር። ሆስፒታል ስትሄድ ነርቩ ሞቷል፣ ቆይተሻል አሏት።

ከዚያ ዓይንሽን ጨፍኚና ጣቶችሽን ዘርጊ አለችኝ። ጨፈንኩ። ከታች ውሃው ይንሾካሾካል፤ የልብሷ ድምፅ ወደ እኔ ቀረበና ራቀ።

«ምን አስያዝኩሽ?»

«ምንም» አልኳት።

ዓይኔን ስገልጥ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ቀይ የቡና ፍሬ አለ። ጣቶቼ ተጭነውት ፍሬው ፈርጧል፤ ጭማቂው በአንጓዬ ሱፍ ላይ ወርዷል። እኔ ግን ስይዘውም ሲፈርጥም አላወቅኩም።

«የእኔ ሁለት ዓመት አልፎታል» አለችኝ። «የአንቺ ገና ነው። ሰኞ ሆስፒታል ሳትሄጂ ሥራ እንዳትገቢ።»

ሰኞ ሆስፒታል ሄድኩ። ከሐኪሙ ቀጥሎ ያየኝ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ ወጣት ነው፤ ብርድ የሚለውን ቃል ሳነሣበት ፈገግ አለ እንጂ አልተቆጣኝም። ሱፉን በመቀስ ቆረጠው። ነርቭሽ የሚያልፍበት መንገድ ጠባብ ነው፤ አንቺ ደግሞ ከላይ ታንቂዋለሽ አለኝ። ቀጥሎ እንዴት እንደምሠራ ጠየቀኝ። ተቀምጬ ነዋ አልኩት፤ ይሄ ምን ጥያቄ ነው ብዬ ተናድጃለሁ።

«እስቲ እንደምትሠሪው ተቀመጪ» አለኝ።

ወንበሩን ስቤ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጥኩ። ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋልኝ። እኔም መተየብ ጀመርኩ። ወደ ጎኔ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ስልኬን ተቀብሎኝ በጎን ፎቶ አነሣኝና አሳየኝ።

ፎቶው ላይ አንዲት ሴት ትከሻዎቿ ወደ ጆሮዋ ተሰቅለው፣ ክንዶቿ ወደ ውጪ ተነጥለው፣ አንጓዎቿ ወደ ታች ተሰብረው ተቀምጣለች። እጆቿ ኪቦርዱን አልነኩም። ከኪቦርዱ በላይ፣ አየር ላይ፣ ምንም በሌለበት ቦታ ተንጠልጥለው ይጽፋሉ። ፊቷ ተረጋግቷል። ሥራዋን የምትሠራ ይመስላታል።

«ከእጆችሽ ሥር ጠረጴዛ የለም» አለኝ ጣቱን በፎቶው ላይ እያሳረፈ። «እጆችሽ ያረፉት ምን ላይ ነው?»

እዚያ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ። ሁለት ጡብ ነው። ጠረጴዛው ሲነሣ ወንበሩ አልተነሣም፤ ለማሽኑ ሲጠነቀቁ ከማሽኑ ፊት ሰው እንደሚቀመጥ ያሰበ የለም። ከሥር ያለው ውሃና ቅዝቃዜ ደግሞ ብርድ ነው የሚለውን ሁላችንንም አሳመነን። ሦስት ሴቶች በየቀኑ እግራችንን አስደግፈንባቸዋል። እንደዚያ ተንጠልጥሎ መሥራትን እጄ ለምዶት፣ ጡቡ በሌለበትም ጡቡን ይዞ ይዞራል።

ጋሼ መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። ውሃው ሲገባስ፣ ማን ይከፍለኛል አሉ። ተቀመጡ አልኳቸው፤ በመስኮቱ ሥር ተቀምጠው እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ ሰቀሉ። ወፍራም ሰው ናቸውና ትንፋሻቸው ቶሎ አጠረ። ብዙ አልቆዩም። የኮምፒዩተሮቹን ሳጥኖች ግድግዳ ላይ በመደርደሪያ እንስቀላቸው፣ ጠረጴዛዎቹ ይውረዱ አሉ። በማግስቱ ጡቦቹ ወጡ። ባልደረባዬ ሰይጣኑ ሁለት ጡብ ሆኖ ተገኘ እያለች ስትስቅ ዋለች፤ ያም ሆኖ እስከ ዛሬ እዚያ ቦታ አትቀመጥም።

ባለሙያው ያሳየኝን ለእሷም አሳየኋት። ክርን ከጎን ይቀመጣል፣ አንጓ ቀጥ ይላል፣ ማውሱ ክንድ ሳይዘረጋ ይደረስበታል፤ ጠርዙ ላይ ማንም አይደገፍም። ፕሪንተሩ ማተም በጀመረ ቁጥር ሁላችንም እጃችንን አንሥተን እንቆማለን፤ ጣታችንን እንዘረጋለን፣ ትከሻችንን እናዞራለን። «አስቸኳይ ነው» የሚለው ሰው ያፈጥብናል፤ ያፍጥብን። ሦስት ሴቶች እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ጸጥ ብለው ሲቆሙ በሩ ላይ የደረሰ አንድ ገበሬ ጸሎት መስሎት ባርኔጣውን አውልቋል። ሦስተኛዋ አዲስ የተቀጠረች ናት፤ እንዲህ የሚሠራው በሁሉም ቦታ ይመስላታል።

ማታ ማታ አንጓዬን ቀጥ የሚያደርግ ድጋፍ አስሬ እተኛለሁ፤ ላልቶ ነው የሚታሰረው። ለተወሰኑ ሳምንታት ከመተየብ አረፍኩ፤ ፎቶ ኮፒው ላይ ቆምኩ። ጉንዳኑ ተመለሰ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የናፈቅኩት ሕመም የለም። ክረምቱ አልፎ ትምህርት ቤት ሲከፈት ባለሙያው ጣቶቼን በመርፌ ጫፍ እየነካ፣ ዓይኔን አስጨፍኖ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም መለስኩ። እጅሽ ድኗል፣ ዳግመኛ እንዳትሰቅዪው አለኝ።

ከዚያው በቀጥታ ልጄን ልወስድ ሄድኩ። ደስታዬ አላስቆም ብሎኝ ነበር። ከግቢው ስትወጣ ቀኝ እጄን ዘረጋሁላት። እጄን አየችው። በኋላዬ ዞረችና ግራዬን ያዘች። አስፋልቱ መሐል ከቀረችበት ቀን ወዲህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው፤ እኔ እሺ እያልኩ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን አልተውኳትም። ጎንበስ ብዬ ሐኪም ዘንድ እንደነበርኩ፣ እጄ እንደዳነ፣ አሁን ሁሉም ነገር እንደሚሰማው ነገርኳት። እውነቴን ነው፣ አይለቅሽም አልኳት።

«ያኔም አልለቀቅኩሽም ብለሽኛል» አለችኝ።

አስፋልቱ ዳር ቆመናል፤ ባጃጆቹ ያልፋሉ፤ የተዘረጋው እጄ እንደተዘረጋ ነው። ልጄ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ግራዬን ለቀቀችና ወደ ቀኜ መጣች። መዳፌን አልያዘችም፤ አንጓዬን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«አንቺ አትያዢኝ» አለች። «እኔ ልያዝሽ።»

ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ጥፍሮቿ እስኪሰሙኝ አጥብቃ ይዛኝ አስፋልቱን አሻገረችኝ።